ከጋዝጊብላ እስከ ምኒልክ አደባባይ የምድር ውስጥ ጣቢያ

በአዲስ አበባ፣ አራዳ፣ ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ አደባባይ ሥር የከተማዋ ቀላል ባቡር ከምድር በታች የሚቆምበት ጣቢያ አለ። የሰሜን ደቡቡ መስመር በሰሜን በኩል የሚያልቀው እዚህ ነው። ከቃሊቲ የተነሣው ባቡር ሳሪስን፣ ላንቻን፣ ስታዲየምንና ሜክሲኮን አቋርጦ በመርካቶ ጥግ ሽቅብ ይወጣና የመጨረሻ ተሳፋሪዎቹን ከአደባባዩ ሥር ያወርዳል። ሁለቱ መስመሮች ካሏቸው 39 ጣቢያዎች አብዛኞቹ በአስፋልት መካከል ወይም በድልድይ ላይ የተሠሩ፣ ፀሐይና ዝናብ የሚያገኛቸው ናቸው። ይኸኛው ግን ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት፣ በጠራራ ቀንም ያለ መብራት የማይሠራ ነው።

ወደዚህ ጣቢያ የሚወርድ መንገደኛ ከየትም ሊመጣ ይችላል። ከዋግ ኽምራ፣ ከጋዝጊብላ የመጣ ከሆነ ግን ነገሩን የሚያይበት ዓይን የከተሜው ዓይን አይደለም። ጋዝጊብላ ከሰቆጣ በስተ ደቡብ የምትገኝ ወረዳ ስትሆን ከተማዋ አስከተማ ትባላለች፤ ሰቆጣን ከላሊበላ በሚያገናኘው መንገድ ላይ ናት። ደጋው ገብስና ባቄላ ያበቅላል። አፈሩ ስስ፣ ተዳፋቱ የበዛ ስለሆነ ገበሬው በየበጋው የእርከን ድንጋይ ሲያነሣና ሲክብ ይከርማል። ወደ ተከዜ ቆላ ሲወረድ ማሽላውና ፍየሉ ይበረክታል። ሰዉ አማርኛም ኽምጣንጛም ይናገራል፤ ኽምጣንጛ የዋግ አገው ቋንቋ ነው። ባቡር የሚባል ነገር በዚያ ደጋ የለም። ከምድር በታች የተሠራ ቤት ግን ሞልቷል፤ የጋዝጊብላ ሰው ከከተሜው የሚለየውም በዚህ ነው።

ከአስከተማ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ብዙም ሳይርቅ የላስታን ምድር ይረግጣል። ቢልባላ ላይ ከዐለት የተፈለፈለው የቢልባላ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ንቦቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ውስጥ ይኖራሉ፣ ማራቸውም ለሕመምተኛ እንደ ጸበል ይሰጣል። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ይምርሐነ ክርስቶስ ይገኛል። ይህ ከዐለት የተፈለፈለ ሳይሆን በትልቅ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቀበት ወደ ላይ ይወጣል፤ የአክሱም ዘመን አሠራር ነው። የዋሻው ወለል ረግረግ እንደነበረና ቤተ ክርስቲያኑ በውሃ ላይ በተነጠፈ መሠረት እንደቆመ የአካባቢው ሰው ይናገራል። ከላይ ዐለት፣ ከታች ውሃ፣ በመካከል ሰው የሠራው ክፍል፤ የዘመናችን የምድር ውስጥ ጣቢያ መሐንዲስም የሚጨነቀው በዚሁ ነው። በሰቆጣ አጠገብ ደግሞ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ፤ ከላሊበላዎቹ ይቀድማል የሚል ትውፊት ይነገርለታል።

ከዚያ ላሊበላ ነው። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከእነዚህ ውስጥ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚቀርበው ቤተ ጊዮርጊስ ነው። ጠራቢዎቹ ዐለቱን ከላይ ጀምረው ዙሪያውን በቦይ ቆርጠው ወረዱ፤ መካከል ላይ የቀረውን ግንድ ዐለት በመስቀል ቅርጽ አስተካክለው ውስጡን ፈለፈሉት። ከሜዳው የሚመጣ ሰው ጣሪያውን በእግሩ ትይዩ ያየዋል፤ በሩን ለማግኘት ግን በጠባብ መተላለፊያ መውረድ አለበት። በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በኩል ደግሞ ጨለማ መሿለኪያ አለ። ምእመናን የሲኦል ምሳሌ ነው ይሉታል። መብራት ሳያበሩ፣ አንድ እጃቸውን በግድግዳው ላይ እያስኬዱ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ያልፉታል። መዳፍ የሚያገኘው የመሮ ሰንበር ነው፤ የጠራቢው ምት ከስንት መቶ ዓመት በኋላም አልለሰለሰም። ፊት ያለው ሰው እንቅፋት ሲያገኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ ኋላ ያለውም ለተከታዩ ያስተላልፋል።

የዋግ ሹማምንት የዘር ሐረጋቸውን ከዛግዌ ነገሥታት ይቆጥራሉ፤ ላሊበላና ይምርሐነ ክርስቶስም ከእነዚያ ነገሥታት መካከል ናቸው። ስለዚህ አንድ የጋዝጊብላ ሰው አዲስ አበባ ደርሶ የምድር ውስጥ ጣቢያ ቢያይ፣ የከተማ ዘመዶቹ እንደሚገምቱት በድንጋጤ አይፈዝም። ከምድር በታች መግባት፣ ከደማቅ ፀሐይ ወደ ጥላ መሸጋገር፣ በመተላለፊያ አልፎ ሰፊ ክፍል ማግኘት ለእሱ የልጅነት ነገር ነው። ገጠሬው ለሥልጣኔ እንግዳ ነው የሚለው የከተማ ግምት ቢያንስ በዚህ ነጥብ ላይ ፈጽሞ ስህተት ነው።

የጣቢያው አሠራር ከቤተ ጊዮርጊስ የሚመሳሰልበትም የሚለይበትም መንገድ አለ። በዓለም ላይ ለከተማ ባቡር የሚሆን ዋሻ የሚሠራው በሁለት ዋና ዋና ዘዴዎች ነው። የመጀመሪያው ጎዳናውን ከላይ ቆፍሮ፣ ግድግዳና ጣሪያ ሠርቶ፣ መልሶ አፈርና አስፋልት ማልበስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 ሎንዶን ውስጥ የተከፈተው የዓለም የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር የተሠራው እንዲህ ነው፤ በእንፋሎት የሚጎተት ስለነበር ጭሱ ዋሻውን ይሞላው ነበር። ሁለተኛው የላዩን ከተማ ሳይነኩ ከጎን ገብቶ በጥልቀት መብሳት ነው። ይህኛው የተስፋፋው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ከመጣ በኋላ ነው፤ ጭስ ከቀረ ጥልቀት አያስፈራምና። ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1900፣ ኒውዮርክ በ1904፣ ሞስኮ በ1935 የየራሳቸውን ከፈቱ። በአፍሪካ ቀዳሚዋ ካይሮ ናት፤ የመጀመሪያ መስመሯን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

የላሊበላ ጠራቢዎችም ከላይ ወደ ታች ነው የቆፈሩት። ልዩነቱ እነሱ የቆፈሩትን ለሰማይ ክፍት አድርገው መተዋቸው ነው፤ የከተማ መሐንዲስ ግን መኪና የሚያልፍበት ጎዳና ስለሚፈልግ የቆፈረውን መክደን አለበት። በዐለት ሕንጻ ውስጥ የሚጨመር ነገር የለም፤ አምዱም፣ ቅስቱም፣ ወለሉም የተረፈው ዐለት ነው። በጣቢያ ውስጥ ግን አፈሩ ከወጣ በኋላ ብረት፣ ኮንክሪት፣ ገመድ፣ መብራት፣ የውሃ መውረጃ ይገባል። አንዱ በመቀነስ የተሠራ ነው፤ ሌላው በመቀነስም በመጨመርም። የተጨመረ ነገር ደግሞ ያረጃል፣ ይቃጠላል፣ ይሰረቃል፣ ይለወጣል። የሁለቱ ዕድሜ መለያየት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ግንባታ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሥራውን የያዘው የቻይና ምድር ባቡር ግሩፕ ሲሆን፣ ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤክዚም ባንክ በብድር ተገኘ። በእነዚያ ዓመታት አዲስ አበባን ያየ ሰው የሚያስታውሰው የቆርቆሮ አጥር፣ አቧራና ተጠማዝዞ የማያልቅ ተለዋጭ መንገድ ነው። ከዚያ ሁሉ ግን የሰውን ልብ የነካው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት መነሣት ነው። አቡኑ ለፋሺስት ወራሪ አልገዛም ብለው፣ ሕዝቡም እንዳይገዛ ገዝተው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደበደቡ። የባቡሩ ዋሻ በአደባባያቸው ሥር የሚያልፍ ስለሆነ ሐውልታቸው ሚያዝያ 24 ቀን 2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ቅጥር ግቢ ተቀመጠ። ብዙ ሰው አይመለስም ብሎ ሠጋ። በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ።

ጥቂት ከፍ ብሎ ያለው የምኒልክ ሐውልትም ስጋቱ ሳይነካው አላለፈም፤ ነገር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ይህ ሐውልት ከአንድ ጊዜ በላይ መነሣት የሚችል አይመስልም፤ አንዱን ጊዜ ተነሥቶ ያውቃልና። በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ የተመረቀ ሲሆን፣ ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ከመቆሚያው አውርዶ ሸሸገው። ከነጻነት በኋላ ወደ ስፍራው ተመለሰ። የዓድዋ ድል ባለቤት ምስል በአደባባይ እንዲታይ ወራሪው አልፈለገም። ከዋግ የመጣ ሰው እዚህ ሐውልት ሥር ቆም ማለቱ አይቀርም፤ ዋግሹም ጓንጉል ከዋግ ሠራዊት ጋር የዘመቱት ከእኒህ ንጉሥ ጋር ነውና።

ከአደባባዩ ጥግ ባለ ስምንት ማዕዘኑ የመናገሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ይታያል። ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነበር፤ ታቦቱም ዓድዋ ድረስ ዘምቷል። ካቴድራሉ የታነጸው የዚህ መታሰቢያ ሆኖ ነው። በወረራው ዘመን ተቃጠለ፣ በኋላ ታደሰ፣ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎችም ውስጡን አስዋቡት። ቢልባላ ላይ ጊዮርጊስ፣ ላሊበላ ላይ ጊዮርጊስ፣ የባቡሩ መጨረሻ ላይ ጊዮርጊስ፤ ከጋዝጊብላ ወደ መዲናዋ የሚመጣው መንገድ በአንድ ሰማዕት ስም ጀምሮ በዚያው ስም ያልቃል። በላስታ ግን ምእመኑ ወደ ጊዮርጊስ የሚደርሰው ወደ ታች ወርዶ ነው፤ በአዲስ አበባ ከባቡሩ የወረደ ሰው ወደ ጊዮርጊስ የሚደርሰው ወደ ላይ ወጥቶ ነው።

አራዳ ራሱ ብዙ ተለውጧል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ከማዘጋጃ ቤቱ ትይዩ ተመረቀ። በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። የወርቅ ቤቶቹን፣ ኬክ ቤቶቹን፣ የመጽሐፍ አዟሪዎቹን ሰፈር የሚያውቅ ሰው ዛሬ ቢሄድ ሰፊ የእግረኛ መንገድና አበባ ያያል፤ የሚያውቀውን ደጃፍ ግን ፈልጎ አያገኘውም። ንጽሕናውና ስፋቱ የሚያስደስት ነው። የጠፋውም ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ መሐል ከተማ የሚሞቀው በሕንጻው ሳይሆን ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ በሚነግዱና በሚጠጡ ሰዎች ነው። ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየው ቶሞካ አጠገብ የሚያልፍ መንገደኛ የተቆላ ቡና ሽታ ያገኘዋል። በጋዝጊብላ ቡና ከእኩለ ቀን በኋላ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ቆሎ ቀርቦ፣ ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ነው። በፒያሳ ማኪያቶ ቆመው ጠጥተው፣ ሒሳብ ከፍለው ይወጣሉ። ስንቁን በሶና ቆሎ ይዞ የመጣ ሰው ይህን ሲያይ ከተሜው ለመጠጣት እንጂ ለመጨዋወት ጊዜ የለውም ብሎ ይፈርድ ይሆናል። ከጥጉ ያሉት ሽማግሌዎች ግን ጋዜጣ ዘርግተው ሰዓታት ይቆያሉ።

ከዚህ ሁሉ ሥር ነው ጣቢያው ያለው። ደረጃው ሲወረድ በመጀመሪያ የሚቀየረው ድምፅ ነው። የታክሲ ረዳቶች ጥሪ፣ የመኪና ጥሩንባ፣ የደወል ድምፅ ከኋላ ይቀራል፤ የእግር ኮቴ ከግድግዳ ጋር እየተጋጨ ይሰማል። ቀጥሎ አየሩ ነው፤ ከላይ ካለው ይቀዘቅዛል፣ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል። መድረኩ ላይ የቆመው ሰው ዓይኑን ወደ ሐዲዱ ጥሎ ይጠብቃል። ባቡሩ ከመታየቱ በፊት ሐዲዱ ይንሾካሾካል፤ ቀጥሎ መብራቱ በዋሻው ግድግዳ ላይ ይሰፋል። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባ ነው፤ በምሥራቅ ምዕራቡ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች የሚመላለሰው አረንጓዴና ነጭ ነው። ከጣሪያው በላይ የተዘረጋው ሽቦ 750 ቮልት ይሸከማል፤ ባቡሩ በጀርባው ባለው ክንድ እየነካካው ኃይል ይወስዳል። ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሽማግሌም፣ ነፍሰ ጡርም፣ ዘንቢል የያዘችም እናት ሳይቸገሩ ይገባሉ። የባቡሩ ትልቁ በጎነቱ ይኸው ይመስላል።

ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ ቁልቁል ሲወርድ አትክልት ተራ፣ ጎጃም በረንዳ፣ አውቶቡስ ተራ፣ ሰባተኛ፣ አብነት፣ ዳርማር እያለ ልደታ ይደርሳል። ከልደታ እስከ ስታዲየም ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። አትክልት ተራ ዛሬ ስሙ ነው የቀረው፤ ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። ከአውቶቡስ ተራ ጀምሮ የሚገባው ሰው ግን የመርካቶ ሰው ነው። ፌስታል፣ ማዳበሪያ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ በየእግሩ ሥር ይቀመጣል። ሲጀመር የጉዞው ዋጋ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። በታክሲ ሁለት ጊዜ ተሳፍሮ ይደርስ የነበረ የቀን ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ሱቅ ጠባቂ ሁሉ በዚያ ዋጋ በአንድ ጊዜ መድረስ ቻለ። የባቡሩ መጨናነቅ የመጣውም ከዚህ ነው። ቁጥራቸው 41 የሆኑት ባቡሮች እያንዳንዳቸው ከ250 በላይ ሰው እንዲይዙ የተሠሩ ሲሆኑ፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ግን የሰው ትከሻ ከሰው ትከሻ ጋር ተጣብቆ በሩ በግድ ይዘጋል። በዋግ እንዲህ ያለ መጋፋት የሚታየው በገበያ ቀን፣ ወይም በነሐሴ ልጃገረዶች ሻደይ ሲጫወቱ ነው፤ ያኔም ሰማዩ ክፍት ነው።

በጋዝጊብላ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ሰላምታ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም። የማይተዋወቁ እንኳ ከየት እንደመጡ፣ ወዴት እንደሚሄዱ፣ አገሩ ሰላም መሆኑን፣ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ይጠያየቃሉ። በባቡሩ ውስጥ ሁሉም ወደ ስልኩ ወይም ወደ መስኮቱ ያያል። ይህን ያየ የዋግ መንገደኛ አዲስ አበቤው ልቡ ደነደነ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ጎጃም በረንዳ ላይ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ሲገቡ ግን ሁለት ወጣቶች እኩል ይነሣሉ። «አባባ፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ» ይላል አንዱ። «ኑር ልጄ፣ እደግ» ይላሉ እሳቸው። ሽማግሌው ከተቀመጡ በኋላ ጎናቸው ያለችው ሴት ከወዴት እንደመጡ ትጠይቃቸዋለች፣ ጨዋታው ይጀመራል፣ ሦስተኛም ሰው ይገባበታል። ሰላምታው አልጠፋም፤ ብዛቱ ስላስቸገረ ምክንያት እስኪያገኝ ይጠብቃል። ለሺህ ሰው በየቀኑ ጤና ይስጥልኝ ማለት የሚችል ማንም የለም።

ባቡሩ ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. በዚሁ በሰሜን ደቡቡ መስመር ነው፤ የምሥራቅ ምዕራቡ በጥቅምት መጨረሻ ተከተለ። ከመክፈቻው ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ በዚችው ከተማ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይፋ ሆኗል፤ ዓላማው የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ማስቀረት ነው። ስሙን ያገኘው ዋግን በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ካጠቃው ረኀብ ትዝታ የተነሣ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው መዲናዋ በዶላር ባቡር ስታስገባ ደጋው በገብስ እንጀራ ይታገል ነበር ብሎ ሊቆጭ ይችላል። ቁጭቱ እውነት አለው። ነገር ግን አንዱ ሌላውን የሚያስቀር አይደለም፤ ሁለቱም የተጀመሩት ለሕዝብ ተብሎ ነው፣ ሁለቱም የሚመዘኑት ከምረቃው በኋላ ባሉት ዓመታት ነው።

የባቡሩ ዓመታት ከባድ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሼንዘን ሜትሮ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ሠራተኞች ጋር ሆነው ያስተዳድሩት ነበር። ከጊዜ በኋላ የመለዋወጫ ዕቃ ችግር እየባሰ መጣ። መንኮራኩሩ የሚተካው፣ ብሬኩ የሚታደሰው፣ የኤሌክትሪክ ክፍሉ የሚገዛው በውጭ ምንዛሬ ነው፤ ምንዛሬው ሲጠፋ ባቡሩ በጋራዥ ይቆማል። በ2015 ዓ.ም. ገደማ ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ ከሥራ ውጭ ነበሩ። ተሳፋሪው የሚጠብቀው ጊዜ ረዘመ፤ የሚመጣውም ባቡር ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ይመጣል። ወደ ምድር ውስጥ ጣቢያው ሲደረስ ደግሞ ጉድለቱ ይበልጥ ይጎላል፤ በመሬት ላይ ያለ ጣቢያ ባቡር ባይመጣም አደባባይ ነው፤ ከምድር በታች ያለ ጣቢያ መብራቱ ከጠፋ፣ ውሃ መውረጃው ከተደፈነ፣ ጠራጊው ከቀረ ዋሻ ይሆናል።

ይህን የላስታና የዋግ ሰው ያውቀዋል። ቤተ ጊዮርጊስ ለዘመናት የቆየው ዐለቱ ስለጠነከረ ብቻ አይደለም፤ ዐለቱ እሳተ ገሞራ የወለደው፣ ውሃ የሚቦረቡረው ዓይነት ነው። የቆየው ጠራቢዎቹ ከሕንጻው ጋር የውሃ መውረጃ ቦይ አብረው ስለቆፈሩ፣ ካህናቱና ምእመናኑ ደግሞ ቦዩን በየክረምቱ ስለጠረጉ፣ መሬቱን ስለጠበቁ ነው። የተዳከመበት ቦታ ላይ ደግሞ እርዳታ አስፈልጎታል፤ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ከአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት በላይ መጠለያ የተዘረጋው ለዚህ ነው። በጋዝጊብላ ተዳፋት ላይ የተካበው እርከንም እንዲሁ ነው። ከአንድ ክረምት ዶፍ በኋላ ድንጋዩ ይንሸራተታል። ባለቤቱ በኅዳር ወጥቶ ካላነሣው በሦስተኛው ዓመት እርከን የሚባል ነገር አይኖርም። ደጋው ላይ ያለ ሰው የሠራውን ነገር የሚቆጥረው በተሠራበት ቀን ሳይሆን በተጠገነበት ጊዜ ሁሉ ነው። የአዲስ አበባው ባቡር የጎደለው ይህ ልማድ ነው። ለምረቃው የተመደበው ገንዘብና ትኩረት ለጥገናው አልተመደበለትም።

የዋግ ሰው የባቡር ሐዲድን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው አዲስ አበባ ላይ ላይሆን ይችላል። ወደ ወልድያ በኩል የሚወርድ መንገደኛ ሐራ ገበያ አካባቢ የተዘረጋ አዲስ መስመር ያገኛል። ይህ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ የሚመጣው፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው፣ የቱርኩ ያፒ መርከዚ የገነባው ሐዲድ ነው። በ2007 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን በወሎ ተራሮች ውስጥ የሚያልፉ ዋሻዎች አሉት። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ጉዳት ደረሰበት፤ መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎትም አልጀመረም። ከመቶ ዓመት በፊት የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ የምሥራቁን አገር ከመዲናዋ ጋር አገናኝቶ ድሬዳዋን የመሰለ ከተማ ወልዶ ነበር። የሰሜኑ ደጋ ያን ዕድል እስካሁን አላገኘም። ማሩን፣ ፍየሉን፣ ባቄላውን ወደ ገበያ የሚያወጣው በመኪና ነው፤ ሕመምተኛውም ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የሚሄደው በዚያው ጠመዝማዛ መንገድ ነው።

በምኒልክ አደባባይ ሥር ያለው ጣቢያ ለዚህ ሁሉ መልስ አይሰጥም፤ ከአራዳ ቃሊቲ የሚወስድ ከተማ ባቡር ነው። ግን ኢትዮጵያ ምድር ውስጥ ባቡር ማስገባት እንደምትችል አሳይቷል፤ ባቡሩን እየሮጠ ማቆየት ላይ ደግሞ እንደደከመች አሳይቷል። ሌላ መስመር፣ ሌላ ዋሻ ከመታቀዱ በፊት በጋራዥ የቆሙት ባቡሮች መጠገን አለባቸው፤ በየዓመቱ በጀት ውስጥ ለመለዋወጫ የሚሆን የውጭ ምንዛሬ ስሙ ተጠርቶ መቀመጥ አለበት፤ የአዋሽ ሐራ ገበያው ሐዲድም ኃይል አግኝቶ ሥራ መጀመር አለበት። ያ እስኪሆን ድረስ የጋዝጊብላ መንገደኛ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው በአውቶቡስ ነው።